የጓንት ያለህ

ሐምሌ 6 ቀን 2017፣ እሑድ

ይህን ደብተር የጀመርሁት በነፍስ አባቴ በመምሬ ወልደ ገብርኤል ትእዛዝ ነው። ለንስሐ በቀረብሁ ቁጥር «ምን በደልህ?» ሲሉኝ «ያው የተለመደው ነው አባቴ» እያልሁ ባስቸግራቸው፣ «ገዱ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረህ የለም እንዴ? በየዕለቱ ጻፈውና እያነበብህ ንገረኝ» አሉኝ። ደብተሩ ልጄ ሃና ተማሪ ሳለች የተረፋት ነው። ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ» ይላል። ለኃጢአትም አይከፋም።

የዛሬው፦ ቁጣ። የተቆጣሁት ጎረቤቴን ወይዘሮ ሸጊቱን ነው። ለልጄ ደውላ አሳበቀችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጥበብ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጓሮውን የማየው በመስኮት ነው። እሷ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ታበቅልበት የነበረውን መሬት ቀጋ ወርሶታል። ከቀጋው ሥር ሳማ አለ፤ ከሳማው ሥር ምን እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው። ሐሙስ ዕለት ድንገት ወኔ መጣብኝና ማጭድ ይዤ ገባሁ። አንድ ቅርንጫፍ ሳልቆርጥ እሾሁ ሌባ ጣቴ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ዝም አልሁት። አበጠ። አሁንም ዝም አልሁት። ትናንት ወይዘሮ ሸጊቱ በአጥሩ ላይ አየችኝና ለሃና «የአባትሽ ጣት ድንች አክሏል» ብላ ደወለችላት።

ሃና ጎንደር አስተማሪ ናት። በስልክም ቢሆን የምታናግረኝ ጠመኔ ይዛ ነው የሚመስለኝ። «አባዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» አለችኝ። «ጓሮው ጸድቶ፣ እጅዎም ያለ ቁስል ካገኘሁት እዚያው ይኑሩ። አንዱ ከጎደለ ግን በመጣሁበት መኪና ይዤዎት እመለሳለሁ፤ ቤቱንም እናከራየዋለን። ብቻዎን ወድቀው ቢገኙ ማን ይሰማል?»

ጎንደር የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሽንኩርት የሚተከለው በጣሳ ነው። ወርዶ አፈር ለመንካት አርባ ስድስት ደረጃ አለ፤ የዛሬ ዓመት ቆጥሬዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ደባርቅ የተራራው ፓርክ ጥበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጊች በኩል ሰውን ሁሉ «ቅጠል እንዳትቆርጥ» ስል ኖሬ፣ ዛሬ አንድ ቅጠል መቁረጥ አቃተኝ። ቅጠሎቹ ሰምተው ይሆን?

ሐምሌ 8

ነርሱ የሺዋስ ጣቴን ከፍቶ እሾሁን አወጣው። የጓሮውን ነገር ስነግረው «ታዲያ ጓንት ያድርጉ እንጂ» አለኝ። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ሁለት ጥንድ የሐኪም ጓንት ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሐምሌ 10

የመጀመሪያው ጥንድ ቀጋውን ገና ሳይነካ ፈነዳ። ሁለተኛው ሳጠልቀው ፈነዳ። ከበሽታ ይጠብቁ ይሆናል፤ ቀጋ የሚባል ነገር ግን ሰምተውም አያውቁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከገበያ የሹራብ ጓንት ገዛሁ፤ ወፍራም፣ የበግ ፀጉር፣ የጃናሞራ ሴቶች የሚሠሩት። ለቀጋው እንደማይሆን ስላወቅሁ በሳማው ጀመርሁ። ጥሩ ሄደልኝ። ሁለት እቅፍ ሙሉ ነቀልሁ፣ አንዴም አላቃጠለኝም። በልቤ «እንዲህ ነው ሥራ» አልሁ።

በዚህ መካከል የኪዳን ደወል ተደወለ። እኔም እንደ ልማዴ ቀና ብዬ በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ግንባሬን፣ ደረቴን፣ ግራ ትከሻዬን፣ ቀኝ ትከሻዬን። ሸሚዜ ደግሞ ክፍት ነበር። በመጨረሻም እጄን ሳምሁ።

ሳማው ለካ እኔን ትቶ ጓንቱ ላይ ነበር።

የዛሬው ኃጢአት፦ በመስቀል ምልክት መካከል ክፉ ቃል ተናገርሁ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። መምሬ ቢጠይቁኝ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 16

ከንፈሬ ሌላ ሰው ሆኗል። ወይዘሮ ሸጊቱ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ተጠጋችና «አያ ገዱ፣ ከሳማ ጋር ተሳሳሙ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ መስጠትም አልቻልሁም። ዞራ መጥታ የቱልት ቅጠል እየጨመቀች ግንባሬን አሸችልኝ። «ከንፈሩን ራስዎ ይሹት» ብላ ቅጠሉን ሰጠችኝ።

መዳፏ ሻካራ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

ሐምሌ 22

በያጁ ደምለው እስከ ክርን የሚደርስ የበያጅ ጓንት አለው፤ የበሬ ቆዳ፣ እሳት የማይበሳው። አውሰኝ ብዬ ለመንሁት። በሥራ ቀን እንደሚያስፈልገው፣ እሑድ ብቻ እንደሚያውሰኝ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እሑድ አልሠራም። ሁለታችንም ተያይተን ቆምን። ኋላ «መብራት የጠፋ ቀን ና፤ ያን ቀን ምንም አልበይድም» አለኝ።

ሐምሌ 24

መብራት አለ።

ሐምሌ 25

መብራት አለ። እንዲህ ሳይጠፋ ሦስት ቀን ሲቆይ በዚህ ክረምት የመጀመሪያው ነው።

የዛሬው፦ መብራት እንዲጠፋ ጸለይሁ። ጸሎቴን ስጨርስ ስንት ወፍጮ፣ ስንት ዳቦ ቤት፣ ስንት የታመመ ሰው አለ ብዬ ደነገጥሁ። ጸሎቱን መልሼ ለመውሰድ ሌላ ጸሎት አደረግሁ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

መብራት ጠፋ። የትኛው ጸሎት እንደተሰማ አላውቅም። ሮጬ ደምለው ዘንድ ሄድሁ።

ጓንቱ እውነትም እሾህ አይበሳውም። ጣትም አይታጠፍበትም። ማጭዱን ይዤ ስሰነዝር ከእጄ ወጥቶ በረረና የወይዘሮ ሸጊቱ ጎመን መካከል ተተከለ። «ምነው፣ አሁን ደግሞ በጦር መጡብኝ?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ሰማሁ።

በዚያው ቅጽበት የእድራችን ዳኛ አባ ክንዴ በደጅ አለፉና ሊጨብጡኝ መጡ። እጅህ ሲቆሽሽ አንጓህን መስጠት ያባት ነው። እኔም አንጓዬን ልሰጣቸው አልሁ፤ አንጓዬ ግን ጓንቱ ውስጥ ነው። ክርኔን ልስጥ አልሁ፤ እሱም ጓንቱ ውስጥ ነው። ከፍ ከፍ እያደረግሁ ብብቴ ድረስ ስደርስ ሽማግሌው ታክቷቸው የጓንቱን ጣት ያዙ። ጓንቱ ሙልጭ ብሎ እጃቸው ላይ ቀረ። አዩት። አዩኝ። «ገዱ፣ ብቻህን መኖሩ ጎድቶሃል» ብለው አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ይህ ነገር ለሃና እንዳይደርስ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። እግዚአብሔር በጾም መግቢያ ጓንት ሰጠኝ።

ሸሀቡ ገበያው ዳር የሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ የድሮ ወዳጄ ነው። በልጅነታችን አንድ ወንዝ ዋኝተናል። አዲስ ቦንዳ ፈትቶ ሲዘረግፍ ከካፖርቶቹ መካከል አንድ ጥንድ የቆዳ ጓንት ወደቀ፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ግን ጠንካራ። ሁለቱ በክር ተያይዘው ነበር። ሸሀቡ ክሩን በጥርሱ በጠሰልኝ። አጠለቅሁት። ጣቴ ይታጠፋል። ሳንቲም ከመሬት አነሳሁበት። ሸሀቡ ራሱም አንዴ አጥልቆ «ሱብሃነላህ፣ ምን ዓይነት ቆዳ ነው?» አለ። እኔ የፍየል ግልገል አልሁ። እሱ የሚዳቋ ነው አለ። በዚህ ተከራከርን።

ነሐሴ 4

እሑድ ነው፣ አልሠራሁም። ጓንቱን ግን ሦስት ጊዜ አጠለቅሁት።

ነሐሴ 6

ቀጋ ቆረጥሁ! በእጄ ጨብጬ፣ እንደ ገብስ ነዶ! አንድም አልወጋኝም። ወይዘሮ ሸጊቱ ዘንድ ሄጄ መንሽ ተዋስሁ። ጓንቱን አየችው፣ ዳሰሰችው፣ «እንዲህ ያለ ቆዳ ለሥራ ነው ለሙሽራ?» አለች።

ነሐሴ 8

መንሹን መለስሁ።

ነሐሴ 9

መንሹን እንደገና ተዋስሁ። ትናንት ለምን እንደመለስሁት አላውቅም። ሸጊቱ ብቻዋን ድንች ትኮተኩት ነበር፣ በባዶ እጇ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ጓንቴን ላውስሽ ብላት «እኔ አፈሩ ካላወቀኝ አያበቅልልኝም» አለችኝ።

ለሃና ደወልሁ። እጄ ደኅና ነው፣ ጓሮውም እየጸዳ ነው አልኋት። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ አይመዘገብም።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ቅዳሴ ስሄድ ጓንቱን ቤት ትቼ መሄድ ፈራሁ፤ ሌባ ቢገባስ ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከጫማዬ ጋር ብተወውም ይሰረቃል አልሁ። በነጠላዬ ሥር ደረቴ ላይ ሸጉጬ ይዤው ገባሁ።

የዛሬው፦ በቅዳሴ መካከል ልቤ ጓንቴ ላይ ነበር። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሱ ማለት ነው፣ የኔ ልብ ነጠላዬ ሥር ነበር።

ነሐሴ 14

ተከራዬ አንዱዓለም የተራራ አስጎብኚ ስለሆነ ቤት የሚያድረው እምብዛም ነው። ዛሬ እንግዳ ስለሌለው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጓንቴን አንስቶ አገላበጠ። «ጋሼ ገዱ፣ ይሄ እኮ ኦርጅናል ነው» አለኝ። ኮራሁ። ውስጡ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አወጣና አነበበ። ቀና አለ። እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለኝ።

አሳማ።

ነሐሴ 15

ትናንት ከዚያች ቃል በላይ መጻፍ አልቻልሁም።

የአሳማ ቆዳ ነው። በእንግሊዝኛ በግልጽ ተጽፏል፤ አንዱዓለም ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፣ ከዚያም በስልኩ ፈልጎ የአሳማ ሥዕል አሳየኝ፤ ሥዕሉን ማን ጠየቀው? በፍልሰታ። ደረቴ ላይ። ቤተ መቅደስ ውስጥ።

ሸሀቡ ዘንድ ሄጄ ሰው እስኪያልፍ ቆሜ ቀስ ብዬ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እጁን አየ። ቀጥሎ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «በጥርሴ እኮ ነው የበጠስሁት» አለኝ።

የኔን ጉዳይ ረስቼ እሱን ማጽናናት ጀመርሁ። ክሩ የጥጥ ነው፣ አሳማ አይደለም አልሁት። «ከአሳማው ጋር ነበረ» አለኝ። ባለቤቱ ጣይባ ሰምታ ወጣች። «ሁለታችሁም ከደጄ እንዳትገቡ» ብላ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ሳህን አፈር አምጥታ በር ላይ አስቀመጠች። ሰባት ጊዜ ታጠቡ፣ አንዱን በአፈር አለችን። የኔ ሃይማኖት እንዲህ አያዝም፤ ግን ቢበዛ ምን ይጎዳል ብዬ አብሬ ታጠብሁ። ሸሀቡ አፉን ሲጉመጠመጥ እኔ እቆጥርለት ነበር። አንድ መንገደኛ ቆሞ ምን ነክታችሁ ነው ሲለን ሸሀቡ «ቀለም» አለው። ውሸቱ የሱ ነው። ራሴን የነቀነቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ጓንቱን ምን እናድርገው በሚለው ተጨቃጨቅን። እናቃጥለው ስል ጢሱ ወደ መስጊዱ ነው የሚሄደው አለኝ። እንቅበረው ሲል በማን መሬት አልሁት። በመጨረሻ ከኋላዬ ተከትሎኝ የመጣው አንዱዓለም «ለኔ ስጡኝ» አለን። አንተ ክርስቲያን አይደለህም ወይ ስለው «ጋሼ፣ ላበስለው አይደለም እኮ» አለኝ። ወሰደው።

አሁን ጓንት የለኝም። የጓሮው ግማሽ ቀርቷል። መስቀል አንድ ወር ነው።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ለመምሬ ወልደ ገብርኤል ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አንዳንዴ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለ ኃጢአቴ ያለቅሱ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ስጨርስ «አሳማውን በላኸው?» አሉኝ።

«ኧረ አባቴ!»

«ቤተ መቅደስ ስንቱ ቂም ይዞ ይገባል። አንተ ጓንት ይዘህ ገባህ። ሰውን የሚያረክሰው ከአፉ የሚወጣው ነው ተብሏል። ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባቴ።»

«በዚህ ሁሉ ንባብ አሳማውን አምስት ጊዜ ጠራኸው። ጎረቤትህን ከዚያ በላይ። እየቆጠርሁ ነበር።»

አጥር ስለምንጋራ ነው አልኋቸው። እሳቸውም እውነት ነው፣ አጥር ብዙ ነገር ያመጣል ብለው ቀኖና ሰጡኝ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ያለውን ቀጋና ሳማ እስከ ዘመን መለወጫ ማጽዳት፣ ሁልጊዜ ከኪዳን በኋላ። በምን እጄ አባቴ ልላቸው አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ለቀኖና ጓንት አይጠየቅም።

ነሐሴ 20

ከኪዳን በኋላ ወደ ምሥራቁ ዞርሁ። ሸጊቱ ማጭድ ይዛ፣ ባለ ሁለት ጣት ባላ እንጨት ተደግፋ ቆማለች።

«አንቱ ደግሞ ምን አጠፉ?» አለችኝ።

«አሳማ። አንቺስ?»

«ምላሴ ነው።»

ከዚህ በላይ አልተጠያየቅንም። መምሬ በመስኮት ሲያዩን ዘወር አሉ።

ነሐሴ 23

ሸጊቱ የምትሠራበትን መንገድ እጽፋለሁ፣ እንዳልረሳው። ቀጋን በእጅ የሚይዝ ሞኝ ነው ትላለች። አንዱ በባላው አንገቱን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ከዚያ በመንሽ ይጎተታል። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሐምሌን ሙሉ ጓንት ጓንት ስል የከረምሁት ሁለተኛ ሰው ስለሌለኝ ነበር ማለት ነው።

ቢሆንም ይቧጭራል። ባላው ሲያዳልጥ ቅርንጫፉ ተመልሶ ይመታል። ዛሬ ሦስት። እሷ አምስት። እሷን እያየሁ ባላው ያዳለጠው በኔ እጅ ነው።

ነሐሴ 30

የቤተ ክርስቲያኑ አለቀ፣ ከቀኑ ቀድሞ። መምሬ መርቀው አሰናበቱን። በመንገድ ሸጊቱ «እንግዲህ ያንቱ ጓሮ ቀረ» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ።

ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ጓሮው ካልጸዳ ጎንደር ነው። እጄ ከቆሰለም ጎንደር ነው። እጄ አሁኑኑ ቆስሏል። መሄዴ ካልቀረ ጓሮው ጸድቶ ልሂድ። ደግሞ ሌላ ሐሳብም ነበረኝ፤ እሱን ገና በቃል አላገኘሁትም።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። የሩፋኤል ጠበል ነው ብለን በዝናቡ ውስጥ ሠራን። ከመጨረሻው ቀጋ ሥር፣ ጥበብ መደብ ከሠራችበት ቦታ፣ ነጭ ሽንኩርት ተገኘ። ሦስት ዓመት ማንም ሳይኮተኩተው ራሱን እየተካ ቆይቷል፤ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ፣ ግን በመስመር።

ሸጊቱ ማጭዷን አስቀመጠች። «እኔ ልሂድ» አለች። «ቆይ» አልኋት። ለምን ቆይ እንዳልሁ አላውቅም፤ ዝናቡ ከብዶ ነበር፣ መሄድ ነበረባት። ቆየች። ኋላ ከሽንኩርቱ ግማሹን ነቅላ ውሃ ወደማይቆምበት መደብ አዛወረችው፣ አንድ በአንድ፣ የጥበብን መስመር ሳታጠፋ።

የዛሬው፦ የለም። ፈለግሁ፣ አጣሁ። ይህም ትዕቢት ይሆን?

መስከረም 12 ቀን 2018

ጓሮው ጸዳ። ከአጥር እስከ አጥር ይታያል።

የእጄን ቁስል ቆጠርሁ። ቀኝ ስምንት፣ ግራ ስድስት። አራት ቀን ቀርቶኛል። ቅባት ቀባሁ። ምንም።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ሃና ስድስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አምስት ሰዓት ላይ ድፍረቴ ከዳኝ። አንዱዓለምን አንድ መላ በለኝ አልሁት። ቱሪስት ትቶት የሄደ የበረዶ ጓንት አመጣልኝ፣ ትራስ የሚያክል፣ ሰማያዊ። መጀመሪያ ውስጡን አስነበብሁት። ፕላስቲክ ነው አለኝ። አጠለቅሁት።

ሃናን በነዚያ አቅፌ ተቀበልኋት። ጀርባዋን ስመታ ፍራሽ የሚደበደብ ይመስል ነበር። ምን ሆነዋል ስትለኝ ደባርቅ በርዷል አልኋት። ጓሮውን አሳየኋት። ከዳር እስከ ዳር ዞረችው፤ ሽንኩርቱ ዘንድ ስትደርስ ተንበርክካ ነካችው። ሸጊቱ በአጥሩ ማዶ ጓንቴን አይታ አሳላት፣ ሳሉም ቶሎ አልለቀቃትም።

ሃና ምሳ ስታቀርብ እስከ ማታ እጾማለሁ አልኋት። ማታ ሲሆን ራሴን አሞኛል አልሁ። ምግብ ከቀረበ እጅ መታጠብ አለ፤ ለመታጠብ ደግሞ ማውለቅ አለ።

የዛሬው፦ ጾምን መሸሸጊያ አደረግሁት። ከአሳማው ይህ ይብሳል። ደግሞ ርቦኛል።

መስከረም 17፣ መስቀል

ከደመራው እንደተመለስን ሃና ሸጊቱን ለምሳ ጠራቻት። ስለ ጣቴ ስለደወለችላት ላመስግናት ብላ ነው። ሦስታችን ተቀመጥን። ሃና ማንቆርቆሪያና ሳህኑን ይዛ፣ እንደ ደንቡ፣ ከታላቅ ልትጀምር ፊቴ ቆመች።

«እንግዳ ይቅደም» አልሁ።

ወደ ሸጊቱ ዞረች። ሸጊቱ እጇን ዘረጋች። ሃና ውሃውን ልታፈስ አዘንብላ ቆመች። የሸጊቱ እጅ ከጣት እስከ አንጓ በቀጋ ተተልትሏል። ሃና እጇን እያየች አፈሰሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«አባዬ።»

አንዱን አወለቅሁ። ሁለተኛውን አወለቅሁ። ሃና የኔን እጅ አየች፣ ዞራ የሸጊቱን እጅ አየች። አንድ ቀጋ የጻፈው አንድ ጽሕፈት ነበር።

እስካሁን በስልክ እውነቱን ግማሽ ግማሽ እያልሁ ስነግራት ከርሜያለሁ። አሁን ሁሉም ሳህኑ ላይ ነበር። አንድ ነገር ብቻ መናገር ቻልሁ።

«ልጄ፣ ቁስሉ አሥራ አራት ነው፣ አልደብቅሽም። ቃልሽ ቃል ነው፤ ውሰጂኝ ካልሽ እመጣለሁ። ግን ብቻዬን ሆኜ የቆሰልሁት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው።»

ሸጊቱ ጣሪያውን ታይ ነበር። ሸጊቱ ምንም ሳትል ሳያት የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ሃና ሳህኑን ከእጄ ሥር አስጠጋች። ከዚያ ውሃውን በእጄ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰችልኝ። «ሳሙናው ያቃጥላችኋል» አለች፣ ለሁለታችን። «በውሃ ብቻ ይብቃችሁ።»

በላን። ብዙ በላሁ።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ሃና ዛሬ ጠዋት ብቻዋን ሄደች።

ከመሄዷ በፊት ጎንደር ትልቅ የሥራ ዕቃ መደብር እንዳለ፣ ደህና ጓንት እንደምትልክ፣ የበሬ ቆዳ መሆኑን ራሷ አንብባ እንደምታረጋግጥ ነገረችኝ። ልክ እንድትወስድ ደብተር ያምጡ አለችኝ። ይህን ደብተር ሰጠኋት፣ እንዳታነበው እየፈራሁ። የተጻፈውን አላገላበጠችም፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጽ ከፈተች። እጄን አስቀመጠችና በእርሳስ ዙሪያውን ሣለችው። ከዚያ ሸጊቱን በአጥሩ ጠርታ «እርስዎም ያስቀምጡ» አለቻት።

ሸጊቱ አንገራገረች፤ እኔ ጓንት አላደርግም፣ አፈሩ ያኮርፈኛል አለች። ሃና «ቢያኮርፍም ይታረቃችኋል» አለቻት። አስቀመጠች። ገጹ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ አልነበረም፤ አውራ ጣቷ በኔ አውራ ጣት ላይ አረፈ፣ መስመሩም እንዲያው ተደራርቦ ተሣለ። ሲለካ የሷ እጅ ከኔ በግማሽ ጣት ይበልጣል። ሸጊቱ ይህን ለገበያው ሁሉ ሳትነግር እንደማትውል አውቃለሁ።

ሃና ገጹን ልትቀድ ያዘችው። አይቀደድም አልኋት። ለምን እንዳልሁ አልጠየቀችኝም፤ በስልኳ ፎቶ አንስታው ሄደች።